ዲግሪ በሽማግሌ

ኦንላይን ትምህርት ለሠራተኛ ሰው ይመቻል የሚባለው ውሸት ነው። የሚመቸው ሥራ ለሌለው፣ ዘመድ ለሌለው፣ ጎረቤት ለሌለው፣ ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ በሩ ከውስጥ ለሚቆለፍለት ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አሰላ ውስጥ እስካሁን አልተወለደም። ቢወለድም አራሷን ሊጠይቅ በሚመጣው ሕዝብ ብዛት ብቸኝነቱን ገና በጨቅላነቱ ይነጠቃል።

"ልምድ ያለው ሰው የሚፈልገውን ስለሚያውቅ መምረጥ አይቸግረውም" የሚሉም አሉ። እነዚህም ዋሽተዋል። መምረጥ የማይቸግረው ምንም የማያውቅ ሰው ነው። ትናንት አሥራ ሁለተኛን የጨረሰ ጎረምሳ ስልኩን ከፍቶ ያገኘውን ሰማያዊ ቁልፍ ይጫንና ተማሪ ሆኖ ያድራል። እኔ ግን ዕድሜዬን ኮምፒዩተር ስፈታና ስገጥም ስለኖርኩ፣ በዚያ ላይ መጽሐፍ የማንበብ ሕመም ስላለብኝ፣ ከእያንዳንዱ ቁልፍ ጀርባ ምን ተንኮል እንዳለ ሳላጣራ አልጫንም። የማይጫን ሰው ደግሞ አይመዘገብም።

ነገሬን ከሥሩ ልጀምር። በአንድ መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ባለሙያ ሲባል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፕሪንተር ወረቀት ሲነክስ መንጋጋውን ፈልቅቄ የማስጥል፣ የኃላፊ ኮምፒዩተር ሲደርቅ አጥፍቼ የማበራ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ "ችግሩ ከላይ ነው" የምል ሰው ነኝ። "ከላይ" ማለት ከአዲስ አበባም ሊሆን ይችላል፣ ከሰማይም ሊሆን ይችላል፤ እስካሁን ለይቶ የጠየቀኝ የለም። ዲፕሎማዬን ያገኘሁት ኮምፒዩተር ክፍል ሲገባ ጫማ ይወለቅ በነበረበት ዘመን ነው። ለማሽን ያን ያህል አክብሮት ከሰጠ ትውልድ ለወጣ ሰው ዲግሪ ምን ይጨምርለታል?

ይህንኑ በየሻይ ቤቱ ስሰብክ ኖሬአለሁ። "ዲግሪ ማለት የበረደው አእምሮ የሚደርበው ካፖርት ነው" የምትል አባባል አለችኝ። ከየትም አላነበብኳትም፣ የራሴ ናት፤ ለዚህም ይሆናል ከእኔ በቀር የሚጠቅሳት የጠፋው።

አንድ ጠዋት ኃላፊያችን ወይዘሮ ብርቄ አስጠሩኝ። ከወሎ ተመድበው የመጡ፣ ክፉ ነገር እንኳን በለሰለሰ አንደበት የሚናገሩ ሴት ናቸው።

"ና እስኪ ቁጭ በል፣ ወንድሜ" አሉኝ። ቁጭ በል የሚል አለቃ ጥሩ ወሬ የለውም።

"አዲሱ መዋቅር መጥቷል። ያንተ መደብ ዲግሪ ይጠይቃል።"

"ልምድስ አይጠይቅም?"

"ይጠይቃል እንጂ። ከዲግሪው በኋላ የተገኘ ልምድ።"

"ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ የሠራሁት ምንድን ነው?"

"እሱማ ውለታ ነው፣ ወንድሜ። መዋቅሩ ላይ የውለታ መደብ የለም እንጂ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እስከ ወሩ መጨረሻ ተማሪ መሆንህን የሚያሳይ ማስረጃ ካመጣህልኝ መደቡን ባንተ ስም ይዤ እከራከርልሃለሁ። ካላመጣህ ግን መዝገብ ቤት ነው የምትገባው። እኔም አላድንህ።"

መዝገብ ቤት! ይህ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። በየስብሰባው እጄን አውጥቼ "ያ ክፍል መዘጋት አለበት፣ ወረቀት ሞቷል፣ ቀባሪ ብቻ ነው ያጣው" ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። የመዝገብ ቤቱ ሹም ጋሽ ሁሴን ይህን ሁሉ ስብሰባ አንገታቸውን እየነቀነቁ፣ ቅር ሳይላቸው አዳምጠውኛል። አሁን ገባኝ፤ አንገታቸውን የሚነቀንቁት ተስማምተው ሳይሆን እየጠበቁኝ ነበር። ከወይዘሮ ብርቄ ቢሮ ስወጣ ኮሪደር ላይ አገኙኝ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሷል፤ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ኔትወርክ የማያስፈልገው ነገር ቢኖር ወሬ ነው።

"ወንበርህን ፀሐይ የምትገባበት ጋ አድርጌልሃለሁ" አሉኝ። "አቧራው መጀመሪያ ያስነጥስሃል። ኋላ ትለምደዋለህ።"

"አልመጣም ጋሽ ሁሴን። ልማር ነው።"

"ማሻአላህ" አሉ። "እዚያ ያለነው ሁላችንም እንደዚያ እያልን ነው የገባነው።"

ያን ቀን ምርጫ ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ዕጩ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የኦንላይን ክፍል ነበር። ሥርዓተ ትምህርቱን አንብቤ ልቤ ሞቀ። ገጹ ላይ "ምዝገባ ተጀምሯል" የሚል ጽሑፍ ያበራል፤ ስትነካው ነጭ ገጽ ይመጣል። ስልክ ስደውል አንድ ሰውዬ አንስቶ "ችግሩ ከላይ ነው" አለኝ። የገዛ ዘፈኔን ሌላ ሰው ሲዘፍነው እንደዚያ አስጠልቶኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ባሕር ማዶ ያለ ነው። "የሥራ ልምድዎን እንደ ትምህርት እንቆጥርልዎታለን" ይላል። ለገጹ አስተናጋጅ ስለ ልምድና ስለ ዕውቀት ልዩነት፣ ስለ ሰርተፊኬት ከንቱነት፣ ከዚያም ስለ ፕሪንተር የሚያትት ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩላት። "ግሩም ሐሳብ ነው! ለመመዝገብ እዚህ ይጫኑ" ብላ መለሰች። ደስ ብሎኝ ተቃራኒውን ጻፍኩላት። እሱንም "ግሩም ሐሳብ ነው! ለመመዝገብ እዚህ ይጫኑ" አለችው። ማሽን እንደሆነች ለማወቅ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አልነግራችሁም፤ የአይቲ ባለሙያ ነኝና።

ሦስተኛው የአዲስ አበባ የግል ተቋም ነው። ዕውቅናውን አጣርቻለሁ፣ አለው። እንከን አጣሁበት፤ እንከን ያጣሁበት ነገር ደግሞ ያስፈራኛል።

ስለዚህ ኤክሴል ከፍቼ ሦስቱን የማወዳድርበት ሠንጠረዥ ሠራሁ። ዕውቅና፣ ቆይታ፣ የአስተማሪ ጥራት፣ የኔትወርክ ፍጆታ፣ "ክብር" የሚል ዓምድ ሳይቀር አለው። ለፍትሐዊነት ሲባል "አለመማር" የሚለውንም በአራተኛ ዕጩነት አስገባሁት። ደመርኩ። "አለመማር" አንደኛ ወጣ። የነጥብ አሰጣጡን አስተካክዬ እንደገና ደመርኩ። በሰፊ ልዩነት አንደኛ ወጣ።

ባለቤቴ ሰሚራ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ አላት፤ ደንበኛ ባልዲ ለመምረጥ ሲቆይ እንኳን የማትታገሥ ሴት ናት። ከጀርባዬ ቆማ ሠንጠረዡን ስታይ ቆየች።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስታገባ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተህ ነበር?"

"አልሠራሁም።"

"ለዚህ ነዋ የተሳካልህ። እኔን የመረጡልህ ሐጂ ናቸው። ይሄንንም እሳቸው ይምረጡልህ። ወሩ ሊያልቅ ነው።"

ሐጂ አማን፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ኢተያ አጠገብ ስንዴ ያርሳሉ። በአካባቢው ልጅ ሊዳር ሲል፣ ወገን ሲጣላ፣ በሬ ሲጠፋ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲ ምረጡ ተብለው ሲጠሩ ግን የመጀመሪያቸው ነው። ለገበያ አሰላ ሲወጡ ቤት አስገብቼ አስረዳኋቸው። ጉዳዩን የያዙት ልጅ ለትዳር እንደሚጠየቅ አድርገው ነው። ሌላ አያያዝ አያውቁም፤ እኔም ሌላ አያያዝ ሞክሬ የደረስኩበትን አይታችኋል።

"የመጀመሪያው ማነው?" አሉ።

"የመንግሥት ነው ሐጂ። ግን ገጹ አይከፈትም።"

"በሩን ከማይከፍት ቤት ልጅ አይጠየቅም። እለፈው።"

"ሁለተኛው ባሕር ማዶ ነው።"

"ባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ለለቅሶ አይደርስም። ሦስተኛው?"

"አዲስ አበባ ነው። ትምህርቱ ግን ቦታ የለውም፤ እዚህ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው ያለው።"

ዞር ብለው የኮምፒዩተሬን ጀርባ አዩት። "ኢልማ ኮ" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ "ቦታ ከሌለው ሰው እናጣራለን። ይሄ ቤት ያስተማረውን አንድ ሰው አሳየኝ።"

ስጠይቅ ስጠያይቅ አንድ ምሩቅ እዚያው ኢተያ ባንክ ውስጥ ተገኘ። በሚኒባስ ወረድን። ሐጂ ወረፋውን በክብር ጠብቀው መስኮቱ ጋ ደረሱና ልጁን እንደ በሬ ከላይ እስከ ታች ያዩት ጀመር።

"አባባ፣ ምን ልታዘዝ?" አላቸው።

"አንተን ልይ ብዬ ነው። በኮምፒዩተር ነው አሉ የተማርከው?"

"አዎ፣ አባባ።"

"አግብተሃል?"

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ስለ ወለድ ምጣኔ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በጥሞና ማንበብ ያዝኩ። "አግብቻለሁ" አለ።

"ቤተሰቦችህን ትጠይቃለህ?"

"በየሳምንቱ እሄዳለሁ። ሮቤ ናቸው።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "ቶሌ" አሉ። "ይሁን፣ ተመዝገብ። ቤተሰብ አያስረሳም።"

ከኋላ ያለው ወረፋ በሙሉ "መብሩክ" ብሎ መረቀኝ። እኔ፣ ስለ ትምህርት ፍልስፍና መደርደሪያ ሙሉ መጽሐፍ ያነበብኩት ሰው፣ ዩኒቨርሲቲዬ የተመረጠልኝ አንድ የባንክ ሠራተኛ ሮቤ ድረስ ሄዶ ቤተሰቦቹን ስለሚጠይቅ ነው። ከዚህ የተሻለ መስፈርት አለኝ የሚል ሰው ሠንጠረዡን ያሳየኝ።

ምዝገባው ግን ፈተና አለው። ከቤት ሆነህ በካሜራ ፊት ትፈተናለህ፤ የሚጠብቅህ ሰው ሳይሆን ፕሮግራም ነው። ደንቡ አጭር ነው። ብቻህን ሁን። አትናገር። ከመቀመጫህ አትነሳ። ሳነበው ሳቅሁ። ሕፃን መሰልኳቸው እንዴ?

በፈተናው ጠዋት ሰሚራ በር ላይ ዘብ ቆመች። እኔ ሸሚዝ ለብሼ፣ ከወገቤ በታች በጋቢ ተጠቅልዬ ተቀመጥኩ፤ የአሰላን ጠዋት የሚያውቅ አይፈርድብኝም። ፈተናው እየሄደልኝ ነበር። ወደ ማብቂያው ገደማ ከግቢ ውጭ ድምፅ ሰማሁ።

"ሐጂ፣ እባክዎ፣ ፈተና ላይ ነው" ትላለች ሰሚራ።

"እኮ! ለዚሁ ነው የመጣነው። ዱዓ ልናደርግለት ነው።"

"የመጣነው" ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች ከኢተያ፣ አንድ ከጎረቤት አስከትለው ስለነበር ነው። የመረጡልኝን ትምህርት ቤት ያለ ምርቃት ሊተዉት አልቻሉም፤ ለሠርጌም እንዲሁ ነበሩ። በሩ ተከፈተ።

"አሰላሙ አለይኩም!"

አሁን የምነግራችሁን እመኑኝ። እኔ አልተነሳሁም። ጉልበቴ ነው የተነሳው። ሽማግሌ ሲገባ ተቀምጦ የቀረ ሰው በእኛ ቤት ታይቶ አይታወቅም፤ ያደግሁት ሐጂ ሲያስሉ ገና ከደጅ ሳሉ እየተነሳሁ ነው። አእምሮዬ "አትነሳ" እያለ ሲጮህ እኔ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት እጄ እጃቸውን ይዤ ነበር። ጋቢው ወለሉ ላይ ቀርቷል። ካሜራው ያኔ ምን እንዳየ አላህ ነው የሚያውቀው።

ማሽኑ ጮኸ። ቀይ ጽሑፍ መጣ፤ "ተፈታኙ ከመቀመጫው ተነስቷል"። ሐጂ "አካም ጂርታ? ፈያ ዳ? ልጆች ደህና?" ይላሉ፤ እኔ "አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። "ንግግር ተሰምቷል"። ሁለተኛው ሽማግሌ ገቡ፤ እሳቸውም ስለ ከብቶቼ ጠየቁኝ፣ ከብት የለኝም፣ ደህና ናቸው አልኩ። "ከአንድ በላይ ሰው ታይቷል"። በመጨረሻም ጥቁር ገጽ። "ፈተናው ተቋርጧል"።

"ምን አለ?" አሉ ሐጂ።

"ተቋረጠ አለ።"

"ማነው እሱ፣ ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የሚያቋርጠን?"

ዱዓውም ተደረገ። ረጅም ነበር። የመረቁኝ ፈተናውን እንዳልፍ ነው።

እነሱ ሲሄዱ ወሩ ሊያልቅ አንድ ሐሙስ ቀርቶት ነበር። ለተቋሙ ቅሬታ ሰሚ ክፍል ከመደወሌ በፊት የሰው ልጅ በማሽን ዓይን ሥር ስለመዋሉ የሚሞግት ጽሑፍ አዘጋጀሁ፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ አለው። አንዲት ሴት አነሳች።

"ለምንድነው ከመቀመጫዎ የተነሱት?"

"ሽማግሌ ገቡ።"

ወረቀቴን አነሳሁ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

"የሥጋ ዘመድዎ ናቸው?"

"ያሳደጉኝ አጎቴ ናቸው። ከኢተያ ነው የመጡት።"

"ታዲያ!" ብላ ተቆጣች። "ቁጭ ብለው ሊቀበሏቸው ነበር እንዴ?"

ጽሑፌን አጠፍኩት። እስከ ዛሬ ያላነበብኩለት ሰው የለም፤ ለእሷ ብቻ አላስፈለገም።

"ነገ ጠዋት ድጋሚ እከፍትልዎታለሁ" አለች። "የመጨረሻ ዕድል ነው፤ ከዚህ በላይ ሥልጣን የለኝም። ግን እባክዎ፣ ሰው የማይገባበት ቦታ ይፈልጉ።"

ሰው የማይገባበት ቦታ! ቤቴን አይታችኋል። ቢሮዬ ፕሪንተር የታመመበት ሁሉ ሳያንኳኳ የሚገባበት ክሊኒክ ነው። ሻይ ቤት ብሄድ የካፖርቷን አባባል ድገምልን ይሉኛል። ስዞር ውዬ ሲመሽ እውነቱ ፊቴ ላይ ቆመ፤ በዚህ ከተማ ሰው የማይረግጠው፣ የኔትወርክ ገመድ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ነው። ገመዱን የዘረጋሁት ራሴ ነኝ፣ ወረቀት ሞቷል ባልኩበት ዘመን።

ጠዋት መዝገብ ቤት ስደርስ ጋሽ ሁሴን አላሾፉብኝም። ቢያሾፉብኝ ይሻለኝ ነበር። ፀሐይ የምትገባበትን ወንበር ጎትተው አምጥተው አቧራውን በእጃቸው ጠረጉልኝ።

"ማንም አይገባብህም" አሉ። "እንኳን ሰው ውሳኔም እዚህ አይደርስም።"

"ሐጂ ቢመጡስ?"

የራሳቸውን ወንበር ወደ በሩ ሳቡ። "ለሐጂ እኔ እነሳለሁ። አንተ ተቀመጥ።"

ሐጂም መጡ። ፈተናው ድጋሚ መሆኑን ሰምተው ያቋረጠንን ሰው ሊያስታርቁ መጡ። እኔ በፋይል ግንቦች መሃል ተቀምጬ ከበሩ ውጭ "አሰላሙ አለይኩም" ሲሉ ሰማሁ። ጉልበቴ ዘለለ። ወንበሩን በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ፊቴን ለካሜራው ሰጥቼ፣ ከወገቤ በታች ከራሴ ጋር እየታገልኩ። በሩ ላይ ጋሽ ሁሴን ሲነሱ የወንበራቸው ድምፅ ተሰማ። ከዚያ ሰላምታ ተጀመረ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ልጅ ልጆች፣ ስለ ዝናብ፣ ስለ ስንዴው፣ ዲክሲስ ስላለው የጋራ ዘመዳቸው። ማሽኑ አልጮኸም፤ ድምፃቸውን ወረቀቱ ውጦት ይሆናል። እኔ ጥያቄ በጥያቄ ወረድኩ። ሰላምታቸው ሳያልቅ ፈተናዬ አለቀ።

አለፍኩ። በጭንቅ። ማስረጃውን ለወይዘሮ ብርቄ ወሰድኩ፤ "ጎበዝ፣ ወንድሜ" ብለው መደቡን በስሜ ያዙልኝ። ሲያበቃ ወደ ሐጂ ሄጄ አቅፌ ሳምኳቸው። ደስ ብሏቸው ነበር፤ ግን የሆነ ነገር ከነከናቸው።

"ድምፄን ሰምተህ ነበር?" አሉኝ።

"ሰምቼ ነበር፣ ሐጂ።"

"አልተነሳህም?"

"አልተነሳሁም።"

ወደ ጭላሎ ተራራ ዞሩ። "ገና ሳይጀመር" አሉ፣ "ለውጦሃል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ብዙ ኮርስ ወስጃለሁ። "የኮምፒዩተር መግቢያ" በሚለው የመጀመሪያ ፈተና ወድቄአለሁ፤ ፕሪንተር እንቢ ሲል መጀመሪያ ምን ይደረጋል የሚል ጥያቄ መጥቶ ምርጫዎቹ ውስጥ "ነቅሎ መሰካት" የሚል የለም። ይህ ግን አይቆረቁረኝም፤ የሚቆረቁረኝ ያ "ለውጦሃል" ነው። ሰው ሊለወጥ አይደል የሚማረው ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ፕሪንተር ለመጠገን ነበር የተመዘገብኩት።

የሴሚስተሩ ማጠቃለያ እሑድ ጠዋት ነው። መዝገብ ቤቱ እሑድ ዝግ ስለሆነ የምፈተነው ቤቴ ነው። ብወድቅ መደቡ ይሄዳል። ሽማግሌ ቢገባ ግን እነሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ፣ ሁለተኛ ተቀምጬ አልቀርም። ስለዚህ፣ እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ጢማችሁ የሸበተ፣ እሑድ ጠዋት ቤቴ አትምጡ።